ትራያልን ከእሽቅድምድም ሳጥን አውጡት፦ መሬት ለሚፈቅዱ ቢሮዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የመሬት፣ የደንና የስፖርት ፈቃድ ለምትሰጡ ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ለአማተር የትራያል ሞተር ነጂዎች የልምምድ ቦታ ስለመፍቀድ

ክቡራንና ክቡራት፣

«የሞተር ስፖርት» የሚል ማመልከቻ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ ቀድሞ የሚታያችሁ አቧራ፣ ጩኸትና የተገለበጠ ሞተር ቢሆን አንፈርድባችሁም። አብዛኛው የሞተር ስፖርት ፍጥነት ነው። የእኛ ግን አይደለም። ትራያል ላይ ማንም ማንንም አይቀድምም። በአንድ ጊዜ አንድ ነጂ ብቻ፣ ሰው በእግሩ ከሚራመድበት ፍጥነት ብዙም ሳይርቅ፣ ቋጥኝና ግንድ፣ ቁልቁለትና ጠባብ መታጠፊያ ያለበትን አጭር መንገድ እግሩን መሬት ሳያስነካ ለማለፍ ይሞክራል። የፈቃድ ቅጾች ግን ሁለቱን በአንድ ሳጥን ስለሚያስገቡ ለሞቶክሮስ (በአፈር መንገድ ላይ ለሚደረገው የሞተር እሽቅድምድም) የተጻፈው መልስ እኛም ጋ ይደርሳል። ይህን የምንጽፈው ሳጥኑ እንዲለይ ነው። ዝም ብላችሁ እመኑን አንልም፤ ምን እንደምትጠይቁን፣ ምን እንደምትለኩና የት የት እንደምናጠፋ ራሳችን እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ደንቡን። ውድድሩ «ሴክሽን» በሚባሉ አጫጭር ክፍሎች የተሠራ ነው። በአማተር ደረጃ አሥር ያህል ሴክሽን ተዘጋጅቶ እያንዳንዱን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መዞር የተለመደ ነው። የሴክሽኑ ግራና ቀኝ በጥብጣብ ይከለላል። በመሃሉ ነጂው ቀዩን ምልክት በቀኙ፣ ሰማያዊውን በግራው አድርጎ የሚያልፍባቸው በሮች አሉ። ከመግባቱ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ መንገዱን በእግሩ ይመለከታል፤ የትኛው ድንጋይ እንደሚንቀሳቀስ በጫማው ይፈትሻል። በየሴክሽኑ የሚቆም ታዛቢ ዳኛ እግር ያላስነካውን 0፣ አንዴ ያስነካውን 1፣ ሁለቴ ያስነካውን 2፣ ከዚያ በላይ ያስነካውን 3 ይሰጠዋል። የወደቀ ወይም ከጥብጣብ የወጣ 5 ይቀበላል። ትንሽ ነጥብ የሰበሰበ ያሸንፋል። በዓለም ሻምፒዮና ሴክሽኑን ለመጨረስ የጊዜ ገደብ አለ፤ በብዙ የአማተር ውድድር ግን ሰዓት የሚይዝ ሰው እንኳ የለም። የሚለካው ሚዛን ነው።

ስፖርቱ የትናንት ፈጠራ አይደለም። በስኮትላንድ ተራሮች የሚካሄደው የስድስት ቀን ትራያል መነሻው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ተጀመረ። ስፔናዊው ቶኒ ቡ ከ2007 እስከ 2025 ዋንጫውን ለማንም አላስነካም፤ የአገሩ ልጅ ላያ ሳንዝ ደግሞ የሴቶችን የዓለም ሻምፒዮና 13 ጊዜ ወስዳለች። ይህ ደብዳቤ ግን ስለ እነሱ አይደለም። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ በእረፍት ቀኑ ሦስት ሰዓት ሞተሩ ላይ መቆም ስለሚፈልገው ሰው ነው።

መቆም ያልነው በከንቱ አይደለም፤ ሞተሩ መቀመጫ የለውም። ክብደቱ እንደ ሥሪቱ ከ65 እስከ 75 ኪሎ ግራም ነው። የነዳጅ ጋኑ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይይዛል። የታችኛው ማርሾቹ እጅግ አጫጭር ስለሆኑ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት እየለቀቁ ከመራመድ በዘገየ ፍጥነት መሄድ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ገዝቶ አውራ ጎዳና ላይ የሚሮጥበት የለም፤ ለዚያ አልተሠራም፣ ወገብም አይችለውም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋታችሁ፣ ወደ መሬቱ እንምጣ።

የትራያል የኋላ ጎማ የሚነፋው ከ0.28 እስከ 0.35 ባር ብቻ ነው፤ የፊቱ ከ0.40 እስከ 0.45። የመኪና ጎማ ከ2 ባር በላይ ይይዛል። በዚህ ግፊት ጎማው ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ሒሳቡን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ፦ ሞተሩና ነጂው ተደምረው 145 ኪሎ ቢሆኑና 80ው ኪሎ በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ በ0.3 ባር ግፊት ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋት ወደ 260 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። በተግባር የጎማው ጎን ራሱ ጥቂት ክብደት ስለሚሸከም ስፋቱ ከዚህ ትንሽ ያንሳል። ጎማው በ0.9 ባር ቢነፋ ግን ስፋቱ 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያው ክብደት በሲሶው ቦታ ላይ ይጫናል ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲራመድ በአንድ ጫማው የሚያሳርፈው ጫና ወደ 0.37 ባር ይደርሳል። ስለዚህ የሚንከባለል የትራያል ጎማ መሬቱን ከአንድ መንገደኛ ጫማ ብዙም የበለጠ አይጫነውም።

«የሚንከባለል» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። መሬት የሚያበላሸው ክብደቱ ሳይሆን በቦታው የሚሽከረከር ጎማ ነው። ጋዝ አብዝቶ የሰጠ ነጂ፣ ርጥብ ዳገት መሃል የተያዘ ነጂ፣ ጎማው ያለቀበት ነጂ፣ ሦስቱም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሣሩን ነቅለው ጉድጓድ ይቆፍራሉ። የሚቀጥለው ዝናብ ጉድጓዱን ቦይ ያደርገዋል። ከእኛ ወገን የሚመጣው እውነተኛ ጉዳት ይህ ነው፤ መፍትሔውም የነጂው መልካም ፈቃድ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ በመግቢያ ላይ ጎማ ይፈተሽ። የትራያል ጎማ ጥርሱ አጭርና የተቀራረበ ነው፤ በዓለም አቀፉ ደንብ የጥርሱ ጥልቀት ከ13 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ረጃጅምና የተራራቀ ጥርስ ያለው የሞቶክሮስ ጎማ ይዞ የመጣ፣ ሞተሩ ምንም ዓይነት ቢሆን፣ እንዳይገባ። ግፊቱን ለመለካት የመኪና መለኪያ አትጠቀሙ፤ እስከ 10 ባር የሚቆጥር መለኪያ ከ0.3 በታች ያለውን ልዩነት አያሳይም። እስከ 1 ባር ብቻ የሚቆጥር ዝቅተኛ መለኪያ ያስፈልጋል። ጀማሪ ነጂ ብዙ ጊዜ ከቤት ጠንከር አድርጎ ነፍቶ ይመጣና ማስተንፈሱን ይረሳዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲንሸራተት ጥፋቱን በችሎታው ላይ ያደርጋል። ከልክ በላይ ያስተነፈሰውም አይተርፍም፦ ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ ይታጠፋል፣ የጎማው ከንፈርም ከቸርኬው ላይ ይወጣል።

ቀጣዩ የቁጥር ጉዳይ ነው። 40 ነጂ አንድን ሴክሽን አራት አራት ጊዜ ቢዞር 160 ጊዜ በአንድ መስመር ታለፈ ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ከሆነ የጎማ ጥቁረት ብቻ ይቀራል። ለስላሳ አፈር ላይ ከሆነ ግን 160ኛው ነጂ የሚያገኘው መንገድ የመጀመሪያው ካገኘው ጋር አይገናኝም። ሴክሽን የሚያሰምር ሰው መነሻውንና መውጫውን ጠንካራ መሬት ላይ ማድረግ አለበት፤ ጋዝ የሚሰጠው እዚያ ነውና። ከርጥብ አፈር ላይ ተነሥቶ ቋጥኝ የሚያስወጣ ሴክሽን ጥሩ አይደለም፤ ሁሉም ነጂ ከድንጋዩ ሥር ይቆፍራል፣ ከግማሽ ቀን በኋላም የድንጋዩ ከፍታ በ20 ሴንቲ ሜትር ጨምሮ ጀማሪው ሊወጣው የማይችለው ይሆናል። ዛፍ አጠገብ የሚያልፍ መስመር ካለ ግንዱ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ በአሮጌ ምንጣፍ ወይም በወፍራም ጆንያ ይጠቅለል። ጥብጣብ በሽቦ አይታሰር፤ ተረስቶ የቀረ ሽቦ ግንዱ ሲወፍር ቅርፊቱን ይቆርጠዋል። ከአፈር ብቅ ያለ ሥር ላይ ጨርሶ አይታለፍ።

በሴክሽንና በሴክሽን መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነው። ሰው ሴክሽኑን እየተጠነቀቀ አዘጋጅቶ መገናኛውን መንገድ በረግረግ ያሳልፈዋል። ነጂው ነጻ የሚሆነውና ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ የሚያስገባው እዚያ ነው። ፈቃድ ስትሰጡ ካርታው ላይ መገናኛው በግልጽ ይሰመር፣ ባለ አንድ አቅጣጫ ይሁን፣ ከእግረኛ መንገድ ጋር አይቋረጥ። በጅረት ውስጥ መንዳትን ብዙዎቻችን እንወደዋለን፤ ያም ሆኖ እንድትከለክሉን እንጠይቃለን። ጎማ የሚያነሳው ደለል ወደ ታች ወርዶ ዓሣ እንቁላል የሚጥልበትን ጠጠር ይሸፍናል፤ ከሰንሰለት የሚታጠበው ቅባትም ውኃው ውስጥ ይቀራል። በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው ሽበትም (ላይከን) አንድ ጊዜ ከተፋቀ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ ሽበት የሸፈነው ቋጥኝ ከሆነ ሌላ ቋጥኝ አሳዩን።

እንግዲህ የምንጠይቀው መሬት የትኛው እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል። የተተወ የድንጋይ ካባ፣ ለእርሻም ለቤትም የማይሆን ቋጥኛም ጥግ፣ የግንባታ ፍርስራሽ ተደፍቶበት የቀረ ቦታ። ስፋቱ አንድ ሄክታር ከሆነ ለሃያ ሰው ልምምድ ይበቃል። ሞቶክሮስ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል።

ስለ ድምፅ። በቁጥር እንነጋገር። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የድምፅ መጠን በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሞተር በ10 ሜትር ላይ 80 ዴሲቤል ቢለካ በ20 ሜትር 74፣ በ40 ሜትር 68፣ በ80 ሜትር 62 ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞተር ከምትጽፉት ገደብ ይልቅ በቅርቡ ቤት አጥር ላይ የምትለኩት ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማችኋል። የካባ ግድግዳ ከተከፈተበት አቅጣጫ በቀር ድምፁን ይዞ ያስቀራል፤ የተከፈተው አፍ ወደ መኖሪያ የሚመለከት ከሆነ ግን ያ ካባ አይሆነንም። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ቢጨምር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የማርሚታው ነው። በውስጡ ያለው የመስታወት ጥጥ በዘይት ይርሳል፣ ይቃጠላል፣ ቀስ በቀስም ተነፍቶ ይወጣል። ማርሚታው ተከፍቶ ጥጡ ሲቀየር ድምፁ ይመለሳል፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። የማርሚታውን ጥጥ በየዓመቱ መቀየር የፈቃዱ ግዴታ አድርጉት። ቦታው ለቤት ከቀረበ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ መፍቀድ ትችላላችሁ። ለኤሌክትሪክ ትራያል ሞተር በ2017 የራሱ ዓለም አቀፍ ውድድር ተጀምሮለት ነበር፤ ከድምፁ የሚሰማው የሰንሰለቱና የጎማው ነው።

ጭሱ ከነዳጁ ድብልቅ ይመጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ። በ2 በመቶ ሒሳብ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ነው። በዓይን ገምቶ የሚጨምር ሰው አብዝቶ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታውም ቶሎ ይደፈናል። ነዳጅ የሚሞላበት ቦታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ከሥሩ ዘይት የሚመጥ ምንጣፍ ይነጠፍ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በአምስት እርምጃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ጋኑ አይከፈት። በዝግታ የሚሄድ ሞተር ነፋስ አያገኝም፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ትንሽ ማራገቢያ ነው። ማራገቢያው በጭቃ ከተያዘ ውኃው ይፈላል፣ ነጂውም የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት ይቸኩላል። በዚህ የሚደርስ ቃጠሎ መውደቅ ከሚያደርሰው ይከፋል።

አደጋ የለም አንልም። የሚደርሰው በአብዛኛው የእጅ አንጓ፣ የቁርጭምጭሚትና የጉልበት ጉዳት ነው፤ ወይም ቋጥኝ ላይ ወደ ኋላ የተገለበጠ ሞተር በነጂው ላይ ይወድቃል። በጣም የምንፈራው ነጂው ሲወድቅ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ሲይዝና ሳያስበው ጋዙን እስከ መጨረሻው ሲጠመዝዘው ነው። ለዚህ ነው በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ገመድና መሪው ላይ የሚጣበቅ ማግኔት ያለው። ገመዱ ሲሳብ ማግኔቱ ይለቅና ሞተሩ ይጠፋል። ገመዱ ሳይታሰር ማንም ሞተር አያስነሳ፤ ማግኔቱም በየጠዋቱ ሞተሩ በርቶ ሳለ ተነቅሎ ይሞከር። ገመዱን የእግር ማረፊያ ላይ የሚያስር ሰው ካያችሁ ያን ቀን አሰናብቱት።

ፈታሻችሁ ሌላ የሚያያቸው ጥቂት ናቸው። የኋላው የሰንሰለት ጥርስና የፍሬን ዲስኩ ጣት የማያስገባ ሽፋን አላቸው ወይ? የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታዎች ጫፍ ድቡልቡል ነው ወይ? የመሪው ጫፎች ተደፍነዋል ወይ? ጋዙ ሲለቀቅ በራሱ ይመለሳል ወይ? መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ተጠምዝዞ ይሞከር፤ በአንድ በኩል የተያዘ የጋዝ ገመድ መሪው ሲዞር ጋዙን ራሱ ይከፍተዋል። ፍሬኑ ሲጨበጥ ስፖንጅ የሚመስል ከሆነ አየር ገብቶበታል ወይም የተሳሳተ ዘይት ተጨምሮበታል። በአንዳንድ ሥሪት ላይ ፍሬኑ ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት፣ ፍሪሲዮኑ ደግሞ የማዕድን ዘይት ይወስዳሉ፤ የተቀያየረ ከሆነ ጎሚኒው አብጦ እጀታው ይያዛል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ በቂ ነው።

አደጋ ከደረሰ ወሳኙ ነገር መንገድ ነው። አምቡላንስ የማይደርስበት ሴክሽን አይሰመር። ስልክ የማይሠራበት ካባ ከሆነ የስልክ ምልክት የሚገኝበት ቦታ በካርታው ላይ ይመላከት፤ የመግቢያው አድራሻም በትልቅ ፊደል ተጽፎ ይለጠፍ። ማንም ብቻውን አይለማመድ። ጀማሪ ትልቅ እርከን ሲሞክር ከላይ ቆሞ የሞተሩን የፊት ክፍል የሚይዝ አንድ ሰው ይኑር። ያዡ ከሞተሩ ቁልቁል በኩል ፈጽሞ አይቆምም።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ደግሞ እንጨምር፦ የአማተር ልምምድ አብዛኛው ቋጥኝ አይፈልግም። ሞተሩን አስነሥቶ ሳይንቀሳቀሱ መቆም፣ በሦስት ሜትር ክብ መዞር፣ ስምንት ቁጥርን መሥራት፣ የፊት ጎማን 30 ሴንቲ ሜትር አንሥቶ በቀስታ ማውረድ። ለዚህ 30 በ40 ሜትር የሆነ ደልዳላ ቦታ ይበቃል። በዳር በኩል መሰናክል ብንሠራበት ለሕፃናትም ለአዋቂም ይሆናል። ለጀማሪ ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ፣ ለሚቀጥለው 40። ግንዱ በአራት ካስማ ካልተያዘ ጎማ ሲነካው ይንከባለላል፤ ነጂውን የሚጥለው ከፍታው ሳይሆን ይህ ነው። የሚደረደር ድንጋይ ሲሶው አፈር ውስጥ ይቀበር፤ ሁለት ሰው በብረት ዘንግ ገፍቶ ካነቃነቀው እንደገና ይተከል። የኮንክሪት ቁራጭ ከሆነ የወጣ ብረት እንዳይኖርበት በዙሪያው በእጅ ይዳሰስ። የበሰበሰ የኬብል መጠቅለያ እንጨት አታስገቡ፤ ሚስማሩ ይወጣል፣ መሃሉም በሞተሩ ክብደት ይሰበራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ቅጻችሁ ላይ ትራያልን ከፍጥነት ውድድር ለይቶ የሚያስመዘግብ አንድ መስመር ጨምሩልን። ለመጀመሪያው የስድስት ወር ሙከራ ፍቀዱ፤ ከተሳካ የሦስት ዓመት ስጡን። የአንድ ዓመት ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ካስማ ለመትከልና የሚፈስ ቦይ ለመድፈን ልቡ አይነሣሣም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከሃያ ሞተር ያልበለጠ፤ ወፍ በሚፈለፈልበት ወራት ዝግ፤ ከባድ ዝናብ በጣለ በሁለት ቀን ውስጥ ዝግ። ከመጀመራችን በፊት በአሥር ቋሚ ቦታዎች ላይ ፎቶ ይነሣ፣ በየሦስት ወሩም ከዚያው ቦታ ይደገም። አፈር ላይ ከአሥር ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ቦይ ከተገኘ ያ መስመር እስኪያገግም ይዘጋ፣ አፈሩንም እኛ እንመልስ። ለዚህ የሚሆን መያዣ ገንዘብ እናስቀምጣለን፤ የሦስተኛ ወገን መድንም እንገባለን።

ፈታሽ ስትልኩ ቀድማችሁ አታሳውቁን። የግፊት መለኪያ፣ ሜትርና የድምፅ መለኪያ ይያዝ፣ ጠንካራ ጫማ ያድርግ፤ ከተቻለ ዝናብ በቆመ በሦስተኛው ቀን፣ ገና በከፈትንበት ጠዋት ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
አማተር የትራያል ሞተር ነጂዎች